አልቤር ካሙና የሕፃንነቱ መምህር

በአልጀርስ ከተማ ቤልኩር በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ በሊዮን ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንዲት አያት፣ አንዲት እናት፣ አንድ አጎትና ሁለት ወንድማማች ልጆች በሦስት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ቤቱ የኤሌክትሪክ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። መጸዳጃው ከደረጃው አጠገብ ሆኖ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነበር። በቤቱ ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አያቲቱም እናቲቱም ፊደል አልቆጠሩም። አጎትየው በርሜል ሠሪ ሲሆን፣ መስማትና መናገር ስለሚቸግረው በጥቂት ቃላትና በእጅ ምልክት ይግባባ ነበር። እናትየዋም ጆሮአቸው የደከመ፣ አንደበታቸው የተቆጠበ ነበሩ። ቀኑን በሰው ቤት ሲያጥቡና ሲወለውሉ ውለው ማታ ሲመለሱ፣ ወንበር ስበው መንገዱን ዝም ብሎ መመልከት ልማዳቸው ነበር።

ከሁለቱ ልጆች ታናሹ አልቤር ካሙ ነው። የተወለደው ኅዳር 7 ቀን 1913፣ በምሥራቅ አልጄርያ፣ ያን ጊዜ ሞንዶቪ ትባል በነበረች የወይን አምራቾች መንደር ነው። አባቱ ሉስየን ካሙ በወይን ጠጅ ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንደ ተነሣ ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ፤ በማርን ጦር ግንባር ቆስለው ጥቅምት 11 ቀን 1914 በሴን ብሪዩ ከተማ ሆስፒታል ሞቱ። ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሆስፒታሉ ከሟቹ ሰውነት ያወጣውን የመድፍ ፍንጣሪ ለሚስትየው ላከላቸው። ከአባትየው ለቤተሰቡ የተረፈው ያ ፍንጣሪና ጥቂት ፎቶግራፍ ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

የቤቱ ገዥ አያቲቱ ነበሩ። ዘራቸው ከስፔን ደሴት ከሚኖርካ የሚቆጠረው እኒህ ሴት ብዙ ልጆች ያሳደጉ፣ ችግር ያጠነከራቸው፣ በቁጣቸውም የሚፈሩ ነበሩ። ልጆቹን በአለንጋ ይገርፏቸዋል፤ እናትየው አፍ አውጥተው ከመከላከል ይልቅ በጭንቀት ማየቱን ይመርጣሉ። ካሙ ካደገ በኋላ በጻፈው የልጅነት ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ይተርካል። ልጁ ኳስ ጨዋታ ለማየት ሲል ከገበያ መልስ ሁለት ፍራንክ ይደብቅና፣ መጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀብኝ ብሎ ይዋሻል። አያቲቱ አንድ ቃል ሳይመልሱ እጅጌአቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ይፈልጋሉ። ልጁ በፍርሃትና በኀፍረት ተውጦ ሲያይ፣ ያን የሚያስደርጋቸው ስስት ሳይሆን ችግር መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል። በዚያ ቤት ሁለት ፍራንክ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር።

ይህ ልጅ ከቤቱ ብዙም በማይርቀው በኦሜራ መንገድ በሚገኘው የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤት ለሀብታም ልጅ ግዴታ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለካሙ ግን ከቤቱ ድህነትና ዝምታ የሚያመልጥበት በር ሆነለት። የደብተር ቦርሳው ማንገቻ ጣዕም፣ የማስመሪያውና የእርሳስ መያዣው ቀለም፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው የጽሕፈት ቀለም፣ ከዚያም ይልቅ መጻሕፍቱ ሲገለጡ የሚሸቱት የሙጫና የኅትመት ሽታ፣ እነዚህ ሁሉ ከዓመታት በኋላ ሳይደበዝዙ በብዕሩ ተመልሰዋል። የሚያነቧቸው መጻሕፍት በፈረንሳይ አገር የተዘጋጁ ስለነበሩ በረዶ በሚወርድበት ሰፈር የሚኖሩ፣ አንገታቸውን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልለው የእንጨት ጫማ የሚጫሙ ልጆችን ታሪክ ይተርካሉ። በረዶ አይተው ለማያውቁት፣ የሜዲትራንያን ፀሐይ ለሚያቃጥላቸው የቤልኩር ልጆች ይህ ተረት ነበር። ለአገሩ ልጅ የማይስማማ መጽሐፍ ትምህርት እንደሚያደበዝዝ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ፤ ካሙ ግን ያንን ባዕድነት እንደ ቅኔ ጣዕም ወዶት አደገ። እንዲህ ያለ ልጅ ከስንቱ አንድ እንደሚገኝ ግን መዘንጋት አይገባም።

በ1923 የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ መምህሩ ሉዊ ዤርሜን ሆኑ። በ1884 የተወለዱት ሙሴ ዤርሜን ጦርነቱን ዘምተው በሕይወት የተመለሱ፣ ቁመናቸው የተስተካከለ፣ አለባበሳቸው የጸዳ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። አሠራራቸውን የምናውቀው በዋናነት ካሙ «የመጀመሪያው ሰው» በሚለው ልብ ወለድ ውስጥ ሙሴ ቤርናር በሚል ስም ከሣላቸው መምህር ነው። ልብ ወለድ ልብ ወለድ መሆኑ ባይካድም፣ ይህ መጽሐፍ ለሕይወት ታሪኩ እጅግ የቀረበ ነው። በዚያ እንደ ተጻፈው መምህሩ ድንጋዮችና ማዕድኖች፣ የደረቁ ዕፀዋትና ቢራቢሮዎች ሰብስበው ያሳያሉ። ሥዕል በግድግዳ ላይ የሚያበራ ፋኖስ በትምህርት ቤቱ ያስመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሙቀቱ ሲያይል፣ ልጆቹ ሲደክሙ፣ አዲስ ነገር ከመሳቢያቸው ያወጡና ክፍሉን ያነቁታል። ልጆቹን ያስደሰታቸው ግን ፋኖሱ ብቻ አልነበረም። በሌላው ክፍል እንደ ተቀቀለ ምግብ የሚቀርብላቸውን ትምህርት እሳቸው ዘንድ ዓለምን ራሳቸው እንዲፈልጉት ተደርጎ ይሰጣቸው ነበር። በዚህ ክፍል ሳሉም ሰው የሚያከብራቸው፣ ለማወቅ የተገቡ ሰዎች መሆናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማቸው።

በየወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ሙሴ ዤርሜን ሮላን ዶርዥሌስ ስለ ጦርነቱ የጻፈውን «የእንጨት መስቀሎች» የተባለውን፣ በ1919 የታተመውን መጽሐፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸው ነበር። የጭቃውን፣ የብርዱን፣ የሬሳውን ታሪክ ከልጆቹ መካከል አባቱ በዚያው ጦርነት የሞተበት ታናሽ ልጅ ያዳምጣል። በልብ ወለዱ እንደ ተተረከው፣ መጽሐፉ ባለቀ ዕለት መምህሩ ቀና ሲሉ ልጁ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጦ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያገኙታል፤ ፊታቸውንም ወደ መጻሕፍት መደርደሪያው መልሰው ዝም ይላሉ። እዚያው ላይ መምህሩ ለክፍሉ በግልጽ የሚነግሩት ነገር አለ። ይኸውም አባታቸው በጦርነት የሞተባቸውን ልጆች አብልጠው እንደሚወዱ፣ ምክንያቱም ከአባቶቻቸው ጋር አብረው ተዋግተው እሳቸው ስለ ተረፉ፣ በክፍሉ ውስጥ ቢያንስ የሙታን ጓዶቻቸውን ቦታ ለመሙላት እንደሚሞክሩ ነው።

ይህ ፍቅር ለስላሳ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ለቅጣት የሚጠቀሙባት አጭር ወፍራም የእንጨት ማስመሪያ ነበረቻቸው፤ ልጆቹም የከረሜላ ስም አውጥተውላት ነበር። አጥፊው ጭንቅላቱን በመምህሩ ጉልበቶች መካከል አድርጎ ይመታል። ልጆቹ ቅጣቱ ለሁሉም እኩል መሆኑን በማየታቸው እንዳልተቀየሙ ካሙ ጽፏል። ይህን ምስክርነት ዱላን ለመደገፍ የሚጠቅሱ ቢኖሩ ተሳስተዋል፤ ልጆቹ ያከበሩት ማስመሪያዋን ሳይሆን ፍርዱን ነውና።

ትልቁ ፈተና የመጣው በዓመቱ መጨረሻ ነበር። በዚያ ዘመን የቤልኩር ልጅ ዕድሜው አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲሞላ ትምህርቱን ጨርሶ የእጅ ሥራ ይለምዳል፤ በሳምንቱ መጨረሻም ደሞዙን ለእናቱ ያስረክባል። ታላቅ ወንድሙ ሉስየን ለሥራ ተሰማርቶ ነበር። ሊሴ መግባት ማለት ተጨማሪ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለ ገቢ መቀመጥ ማለት ነው። ለሊሴ የሚያበቃው የነፃ ትምህርት ውድድር ነበር። ሙሴ ዤርሜን ከክፍሉ አራት ልጆች መርጠው ለዚህ ውድድር ሊያዘጋጁአቸው ተነሡ፤ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ክፍያ ያስተምሯቸው ጀመር።

አያቲቱ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ቀላልና እውነተኛ ነበር፤ ቤቱ ሌላ ደሞዝ ያስፈልገዋል። በልብ ወለዱ ውስጥ መምህሩ ራሳቸው ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ ልጁን ወደ ውጭ ልከው ከአያቲቱና ከእናቲቱ ጋር ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ አያቲቱ ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አዝሎ ይታያል። ለልዩ ትምህርቱ የሚከፍሉት እንደሌላቸው ሲናገሩ፣ መምህሩ ልጁ አስቀድሞ እንደ ከፈላቸው ይመልሳሉ። አያቲቱ ያን ቀን ብቻ ነው ልጁን እጁን ጠበቅ አድርገው የያዙት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሙሴ ዤርሜን ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ለካሙ በጻፉት ደብዳቤ የሚያስታውሱት ከዚህ ይለያል። የልጁን ቤተሰብ ድህነት ፈጽሞ እንዳልጠረጠሩ፣ ጥቂት ፍንጭ ያገኙትም እናትየው ልጃቸው ለውድድሩ ስለሚመዘገብበት ጉዳይ ትምህርት ቤት መጥተው ባነጋገሯቸው ጊዜ እንደ ነበረ ይጽፋሉ። እስከዚያ ድረስ ልጁ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የሚያስፈልገው የተሟላለት፣ እንደ ወንድሙም ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሆኖ ይታያቸው ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር የሚያሳየው የእናትየውን ልፋት ነው። በሰው ቤት ሲወለውሉ የሚውሉት እጆች ማታ የልጆቹን ልብስ አጥበውና ተኩሰው፣ ጉዳታቸው ለመምህሩ ዓይን እንኳ እንዳይታይ አድርገው ነበር። ልጁም በበኩሉ ድህነቱን ሳይናገር፣ በክፍሉ ውስጥ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ እንደ ነበር መምህሩ በደብዳቤአቸው ያስታውሳሉ።

ካሙ ውድድሩን በ1924 አለፈ። የፈተናው ዕለት መምህሩ አራቱን ልጆች አጅበው እስከ ሊሴው በር መውሰዳቸውን፣ ትኩስ ክሯሳንም ገዝተው መስጠታቸውን ልብ ወለዱ ያወሳል። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ልጁ የተሰማው ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ከድሆቹ ሞቅ ያለ ዓለም ተነቅሎ ማንም ወደማያውቅለት ዓለም እንደ ተጣለ፣ ከእንግዲህም መምህሩ ሊረዱት እንደማይችሉ፣ ብቻውን መማርና ብቻውን ማደግ እንዳለበት ገባው። ስለ ካሙ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ኀዘን በችኮላ ያልፉታል። ነገር ግን ትምህርት ድሃውን ልጅ ሲያነሣው ከማን እንደሚለየው የሚነግረን እሱ ነው።

ሊሴው በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በባብ ኤል ኡዌድ አቅራቢያ ነበር፤ በየማለዳው በትራም ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ቅጽ ይሞላ ዘንድ ተሰጠው። የእናት ሥራ በሚለው ቦታ የቤት እመቤት ብሎ ጻፈ። ጓደኛው አይቶ፣ እንዲህ አይባልም፣ የቤት አገልጋይ ነው የሚባለው ሲለው፣ ቃሉን መጻፍ ጀመረና አፈረ፤ ወዲያውም በማፈሩ አፈረ። ይህ ድርብ ኀፍረት በሥራዎቹ ሁሉ ሥር ሲፈስ ይገኛል። በዕረፍት ወራት ደግሞ አያቲቱ ዝም ብለው አላስቀመጡትም። ልጁ ትምህርቱን አቋርጧል ብለው ለአሠሪዎች እየነገሩ፣ አንድ ክረምት በብረታ ብረት መደብር፣ ሌላ ክረምት በመርከብ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ አስቀጠሩት። ቀሪ ጊዜውን የሚወስደው ኳስ ነበር፤ ለአልጀርስ ዩኒቨርስቲ ራሲንግ ቡድን ለታዳጊዎቹ በረኛ ሆኖ ተጫውቷል።

በ1930 በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ትምህርቱንም ኳሱንም ለጊዜው አቋርጦ፣ መጻሕፍት በሚወዱት በሥጋ ነጋዴው አጎቱ በጉስታቭ አኮ ቤት ተቀመጠ። ያኔም የፍልስፍና መምህሩ ዣን ግሬኒዬ ቤት ድረስ መጥተው ጠየቁት፤ ለቁም ነገር ያበቃውም ሁለተኛው መምህር እሳቸው ናቸው። በ1936 በአልጀርስ ዩኒቨርስቲ የፍልስፍና ጥናቱን ጨረሰ። ሐሳቡ መምህር መሆን ነበር። ሆኖም ሕመሙ በመንግሥት የመምህርነት ውድድር እንዳይቀርብ ከለከለው። ሙሴ ዤርሜን የሠሩትን ሥራ ለመሥራት የነበረው መንገድ እንዲህ ተዘጋበት። ወደ ጋዜጠኝነት ዞረ።

በጋዜጠኝነቱም የትምህርት ቤቱን ነገር አልተወም። በቤልኩር ያገኘው ዕድል ለአብዛኛው የአልጄርያ ልጅ የተዘጋ እንደ ነበር ያውቃል፤ የቅኝ ግዛቱ ትምህርት ቤት በዋናነት ለአውሮፓውያኑ ልጆች ነበርና፣ እጅግ የሚበዙት የአረብና የካቢሌ ልጆች በሩን አያዩትም ነበር። በ1939 የካቢሊን ተራራማ አገር ተዘዋውሮ ያዘጋጃቸው ተከታታይ ጽሑፎች ስለ ረኃቡና ስለ ደሞዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤትም ይናገሩ ነበር። መንግሥት ጥቂት ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ትምህርት ቤቶች በከፍተኛ ገንዘብ ከሚሠራ ይልቅ፣ ቀለል ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቢሠራ ይሻላል፣ ወላጆቹም ይህንኑ ይለምናሉ ሲል ተከራከረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም፣ የቪሺ መንግሥት የአይሁድ ልጆችን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባስወጣ ጊዜ፣ ካሙ በኦራን ከተማ ለእነዚያ ልጆች በተከፈተ የግል ትምህርት ቤት አስተምሯል። ከዚያ ወዲያ የመጡትን ሥራዎቹን፣ በ1942 የወጣውን «ባይተዋሩ»ን፣ በ1947 የወጣውን «ወረርሽኙ»ን፣ በፓሪስ በምሥጢር ይታተም በነበረው «ኮምባ» ጋዜጣ ያደረገውን ትግል አንባቢ ያውቃቸዋል።

ጥቅምት 16 ቀን 1957 የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጠው ተነገረ። አርባ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጋዜጠኛውና ወዳጁ፣ ጠላቱም ጭምር ሲጎርፍበት ከረመ። ግርግሩ ጥቂት ጋብ እስኪል ጠብቆ፣ ኅዳር 19 ቀን ብዕሩን አንሥቶ ለሙሴ ዤርሜን ደብዳቤ ጻፈ። ዜናውን ሲሰማ አስቀድሞ ያሰበው እናቱን እንደ ነበር፣ ቀጥሎም እሳቸውን እንዳሰበ፣ ለድሃው ልጅ ያን ፍቅር የሞላበት እጅ ባይዘረጉለት፣ ባያስተምሩትና ምሳሌ ባይሆኑት ይህ ሁሉ እንደማይሆን ገለጸላቸው። ታኅሣሥ 10 በስቶክሆልም ሽልማቱን ተቀበለ፤ በ1958 በመጽሐፍ የታተሙትን የስዊድን ንግግሮቹንም ለሉዊ ዤርሜን መታሰቢያ አደረጋቸው። ከመሪዎች፣ ከታላላቅ ደራስያን ስም ይልቅ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ስም በመጽሐፉ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው መምህር ሚያዝያ 30 ቀን 1959 መልሰው ሲጽፉለት እንደ ቀድሞው ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። የዓለም ዝና ያገኘው ሰው ለእሳቸው ያው የክፍላቸው ልጅ ነው። በደብዳቤው ላይ ስለ ዝናው ብዙ አይሉም፤ የሚያሳስባቸው የትምህርት ቤት ነገር ነው። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በሕፃን ዘንድ ከሁሉ የከበረውን፣ እውነትን ራሱ የመፈለግ መብቱን ለመጠበቅ እንደ ደከሙ፣ ልጆቹን ሁሉ እንደ ወደዱ፣ የራሳቸውን አስተያየት እንዳይጭኑባቸው እንደ ተጠነቀቁ ይነግሩታል። ስለ እግዚአብሔር ሲያስተምሩ የሚያምን እንዳለ፣ የማያምንም እንዳለ አስረድተው ምርጫውን ለልጁ ይተዉ ነበር። በፈረንሳይ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነፃ ሆኖ የቆየበት ሥርዓት አደጋ ላይ መውደቁ እንዳሳዘናቸውም ጽፈዋል።

ካሙ ያን ጊዜ የልጅነቱን ታሪክ ይጽፍ ነበር። ጥር 4 ቀን 1960 ከደቡብ ፈረንሳይ ወደ ፓሪስ በሚወስደው መንገድ፣ ቪልብለቬን በተባለች መንደር አጠገብ፣ አሳታሚው ሚሼል ጋሊማር ይነዳው የነበረው መኪና ዛፍ መትቶ ካሙ ወዲያው ሞተ። ኪሱ ውስጥ ያልተጠቀመበት የባቡር ትኬት ተገኘ። ከአደጋው ቦታ በተገኘው ቦርሳ ውስጥ 144 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበረ። ማንበብ የማይችሉት እናቱ፣ መታሰቢያነቱ ለእሳቸው የሆነውን ይህን መጽሐፍ ሳያገኙት በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ በአልጀርስ ሞቱ። ሙሴ ዤርሜን ከተማሪአቸው በኋላ ስድስት ዓመት ኖረው በ1966 ዐረፉ።

«የመጀመሪያው ሰው» በልጁ በካትሪን ካሙ አማካይነት በ1994 ታተመ፤ የካሙና የመምህሩ ሁለቱ ደብዳቤዎችም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አብረው ወጡ። ረቂቁ ያልታረመ፣ ነጥብና ሰረዝ የጎደለው፣ በጥድፊያ የተጻፈ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ መምህሩ ቤርናር ይባላሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ካሙ ሳይታወቀው እውነተኛውን ስም፣ ዤርሜን ብሎ ጽፎታል። አሳታሚዎቹም አላረሙትም።